ባለ ባሌስትራ ፒክአፕን ከኋላ ዝቅ አድርጎ ቀጥ ማድረግ

ባዶ ፒክአፕ ኋላው ከፍ፣ አፍንጫው ደፋ ብሎ የሚቆመው በብልሽት አይደለም። የኋላ ባሌስትራ (ጎባጣ የብረት ቅጠሎች ተደራርበው የታሰሩበት ስፕሪንግ) የሚሠራው ለጭነት ነው፤ ካሶኒው ሲሞላ መኪናው ቀጥ እንዲል ታስቦ ባዶውን ሲሆን ጭራው ከፍ ይላል። ጭነት ለማይጭን ሰው ግን ይህ ትርፍ ቁመት ጣጣ ነው፦ ኋላው በየጉድጓዱ ይዘላል፣ ዕቃ መጫንና ማውረድ ያስቸግራል፣ ሹፌሩም ወደ ፊት እንደተደፋ ይነዳል። አገር ቤት ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። ብዙ ሃይሉክስ «ጭነት ይቻል» ተብሎ ተጨማሪ የባሌስትራ ቅጠል ገብቶበታል። መኪናው ከጭነት ሥራ ወጥቶ የቤተሰብ መኪና ሲሆን ቅጠሉ እዚያው ይቀራል።

ቀጥ ለማድረግ ፊቱን ማንሳት ወይም ኋላውን ማውረድ ይቻላል። ፊቱን በስፔሰር ማንሳት ፈጣን ይመስላል፤ ነገር ግን የፊት እግር መገጣጠሚያዎችን፣ ማለትም የሲቪ ጆይንቱን፣ የቦል ጆይንቱንና የቴስቲናውን አቀማመጥ ይለውጣል፣ አላይመንት ያስፈልገዋል፣ ባለ አራት ጎማ ጎታች መኪና ላይ ደግሞ የሲቪ ጎማ ሽፋን ቶሎ ይቀደዳል። ኋላውን በልክ ማውረድ የፊት እግርን አይነካም። ስለዚህ ትርፉ ያለው ኋላ ከሆነ መነካት ያለበት ኋላው ነው። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ማውረዱ ላይ ሳይሆን ከማውረድ ጋር አብረው መስተካከል የነበረባቸው የፍሬን ቫልቭና የፊት መብራት ሲረሱ ነው። ሁለቱም የሥራው አካል ናቸው።

ከዚህ በታች በምሳሌነት የተያዘው ቶዮታ ሃይሉክስ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የወጣው ቪጎ እና ከ2015 ጀምሮ የወጣው ሪቮ። አሠራሩ ለሌሎችም ባለ ባሌስትራ ፒክአፖች ይሆናል። ከኋላ ጥቅል ስፕሪንግ ላላቸው ግን አይሆንም፤ ከ2009 ወዲህ የወጣው ራም 1500 እና ብዙዎቹ አዲስ ባለ አራት በር ናቫራዎች እንደዚያ ናቸው። እነሱ ላይ የሚለወጠው ስፕሪንጉ ራሱ ነው።

ስንት ሴንቲሜትር?

መፍቻ ከማንሳት በፊት ሜትር ያንሱ። መኪናው ደልዳላ ወለል ላይ ይቁም፣ ካሶኒው ባዶ ይሁን፣ የጎማ ንፋስ የሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ልክ ይሞላ። ከማንሻ ላይ የወረደ መኪና ወዲያው አይለካም፤ ጥቂት ሜትር ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይነዳ፣ እግሩ ቦታውን ይያዝ።

ከመሬት እስከ ፓራፋንጎ ያለው ልኬት ያሳስታል። የፊትና የኋላ ፓራፋንጎ ቅርጻቸው አንድ አይደለም፣ የጎማ መበላትም ይቀላቀልበታል። ለአራቱም ጎማ ከጎማው መሐል ተነስተው በቀጥታ ወደ ላይ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ይለኩና ይጻፉ። ይህ ቁጥር ከሥራው በኋላ ምን ያህል እንደወረደ በትክክል ይነግርዎታል። መዘቅዘቁን ለማወቅ ደግሞ በሮቹ ሥር ባለው ቀጥ ያለ የሻንሲ ክፍል ላይ 1.5 ሜትር የሚራራቁ ሁለት ነጥቦች ምልክት ያድርጉና ከእያንዳንዱ እስከ መሬት ይለኩ። የኋለኛው ነጥብ በ2 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ከተገኘ ስሌቱ እንዲህ ነው፦ በባለ አራት በር ሃይሉክስ ከፊት ጎማ መሐል እስከ ኋላ ጎማ መሐል 3,085 ሚሊሜትር ስለሆነ፣ 2 ለ1.5 ተካፍሎ በ3.085 ሲባዛ 4.1 ሴንቲሜትር ይመጣል። ኋላው ከፊቱ ከፍ ያለው በዚህ ያህል ነው።

ታዲያ 4.1ዱንም አያውርዱ። ኋላ ወንበር ላይ ሦስት ሰው፣ ካሶኒ ውስጥ ሻንጣና ትርፍ ጎማ ሲገባ ኋላው በራሱ ይወርዳል፤ ባዶውን ፍጹም ቀጥ ያለ መኪና ያን ጊዜ ጭራውን ይጎትታል። ከ1.5 እስከ 2 ሴንቲሜትር ትርፍ ቢቀር ለዓይን ቀጥ ብሎ ይታያል፣ ለጭነትም ቦታ ይኖረዋል። ለምሳሌያችን የሚወርደው 2.5 ሴንቲሜትር ይሆናል።

አንድ ነገር ደግሞ ቀድሞ ይጣራ። ኋላው ከፍ ያለ የሚመስለው ፊቱ ስለሰመጠ ሊሆን ይችላል። የፊት ስፕሪንግ የደከመበት ወይም ከቪጎ በፊት በነበሩት አንዳንድ ባለ አራት ጎማ ጎታች ሃይሉክሶች ላይ ያለው ቶርሽን ባር (ተጠምዝዞ እንደ ስፕሪንግ የሚሠራ ዘንግ) የላላበት መኪና ላይ ኋላውን ማውረድ በሽታውን መደበቅ ነው። ግራና ቀኝ የፊት ልኬት በግልጽ ከተለያየ፣ ወይም የፊት ስቶፐር ጎሚኒ (እግሩ እስከ መጨረሻው ሲሰምጥ ምቱን የሚቀበለው ጎማ) ተደቁሶ ከታየ ፊቱ ይቅደም።

ባሌስትራው ከአክስሉ በላይ ነው በታች?

ከመኪናው ሥር ገብተው ይዩ። በአብዛኛው ከፍ ባለና ባለ አራት ጎማ ጎታች ፒክአፕ ላይ ባሌስትራው ከአክስሉ (ሁለቱን የኋላ ጎማዎች ከሚይዘው ወፍራም ቱቦ) በላይ ይቀመጣል። ዝቅ ብለው በሚመጡ አንዳንድ ባለ ሁለት ጎማ ጎታቾች ላይ ደግሞ ከአክስሉ በታች ይታሰራል። ምን እንደሚደረግ የሚወስነው ይህ ነው፤ ተገላቢጦሽ ከተሠራ መኪናው በመውረድ ፋንታ ይነሳል።

ባሌስትራው ከአክስሉ በታች ከሆነ በሁለቱ መሐል የሚገባ የብረት ብሎክ መኪናውን ያወርዳል፤ 2.5 ሴንቲሜትር ብሎክ ልክ 2.5 ሴንቲሜትር። ባሌስትራው ከአክስሉ በላይ ከሆነ ግን ያው ብሎክ ያነሳል። እንደ ፎርድ ኤፍ-150 ያሉ የአሜሪካ ፒክአፖች ከፋብሪካ ብሎክ ይዘው ስለሚመጡ ማውረጃው ያንን በቀጭን መለወጥ ነው። የፋብሪካው ብሎክ አንዳንዴ በአንድ ጎኑ ይወፍራል፤ የትኛው ጎን ወደ ፊት እንደነበር ሳይፈታ ምልክት ይደረግበት።

ሻክሉም፣ ማለትም የባሌስትራውን የኋላ ጫፍ ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘው ተወዛዋዥ ማያያዣ፣ እንዲሁ ሁለት ዓይነት ነው። የባሌስትራው የኋላ ዓይን (ቡሎን የሚያልፍበት የጫፉ ቀለበት) ሻክሉ ሻንሲው ላይ ከተያዘበት ነጥብ በታች ከሆነ፣ ረጅም ሻክል ያነሳል፣ አጭር ያወርዳል። ዓይኑ ከዚያ ነጥብ በላይ ከሆነ፣ በብዙ የጄኔራል ሞተርስ ፒክአፖች ላይ እንዳለው፣ ማውረጃው ረጅም ሻክል ነው። አሜሪካ ውስጥ ለሲልቨራዶ የሚሸጠው የማውረጃ ሻክል ከፋብሪካው የረዘመ የሆነው ለዚህ ነው። በሁለቱም ሁኔታ አክስሉ ላይ የሚደርሰው የሻክሉ ለውጥ ግማሽ ያህል ነው፤ በሻክል 2.5 ለማውረድ ሻክሉ በ5 ሴንቲሜትር መለወጥ አለበት።

ሃይሉክስ ላይ ይህ መንገድ ብዙም አይመከርም። 5 ሴንቲሜትር ያጠረ ሻክል ለመወዛወዝ ቦታ ያጣል፣ ባሌስትራው ሲዘረጋ የሚሄድበት አጥቶ ይገትራል። ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር ማሳጠር ይቻላል፣ ትርፉ ግን ከ1 እስከ 1.5 ብቻ ነው። በተጨማሪ የኋላው ዓይን ወደ ላይ ስለሚሄድ የዲፈረንሻሉ አፍንጫ ይደፋል፤ ባሌስትራው 1.2 ሜትር ያህል ከሆነ 3 ሴንቲሜትር ማሳጠር ወደ 1.4 ዲግሪ ያዞረዋል።

እንግዲህ ባሌስትራው ከላይ የሆነና የፋብሪካ ብሎክ የሌለው ሃይሉክስ ላይ ትክክለኛው መንገድ ተጨማሪውን ቅጠል ማውጣት ነው። እንደዚህ በተቀመጠ ባሌስትራ የቅጠሉ ውፍረት ራሱ ቁመት ነው፤ 8 ሚሊሜትር ቅጠል ሲወጣ 8 ሚሊሜትር ወዲያው ይወርዳል፣ የባሌስትራው መለስለስ ደግሞ ቀሪውን ይጨምራል። ስንት እንደሚሆን ቅጠሉ ምን ያህል ጎባጣ እንደነበር ይወስነዋል፣ ስለዚህ አንድ ቅጠል አውጥቶ፣ ገጥሞ፣ ለክቶ ነው ሁለተኛው የሚታሰበው።

ተጨማሪው የቱ እንደሆነ በመልኩ ይታወቃል። የፋብሪካ ቅጠሎች ወርዳቸው እኩል፣ ጫፋቸው በወጉ የተሠራ፣ በማቀፊያ የተያዙ ናቸው። የተጨመረው ብዙ ጊዜ በኦክስጅን የተቆረጠ ካሬ ጫፍ፣ የተለየ ዝገት፣ አንዳንዴም ጥቂት የሰፋ ወይም የጠበበ ወርድ አለው፤ ማቀፊያውም ተከፍቶ እንደገና የተደቆሰ ይሆናል። ከሥር ያለው ወፍራምና ዘርጋ ያለ ቅጠል ግን ከፋብሪካ የመጣ የጭነት ደጋፊ ሊሆን ስለሚችል በችኮላ አይነካ። ባዶ መኪና ላይ ከሌሎቹ ጋር ጫፍ ለጫፍ አይነካካም፤ እሱን ማውጣት የውፍረቱን ያህል ብቻ አውርዶ የመኪናውን የመጫን አቅም ይዞ ይሄዳል። ተጨማሪ ቅጠል ከሌለና ከፍታው የፋብሪካው ከሆነ፣ ቀለል ያለ ሙሉ ባሌስትራ መግዛት ወይም ባሌስትራ ቤት ወስዶ ያለ እሳት ጉብጠቱን ማስቀነስ ይሻላል። በመዶሻ ወይም በፕሬስ የተቀነሰ ባሌስትራ ከተገጠመ በኋላ ትንሽ ስለሚቀመጥ ከሚፈልጉት 5 ሚሊሜትር ያህል ከፍ ተደርጎ ይመለስ።

በእሳት አሙቆ ማስመጥ ፈጽሞ አይደረግ። የባሌስትራ ብረት ጥንካሬው በሙቀት አያያዙ የመጣ ነው፤ ቀይ እስኪሆን የጋለ ቦታ መመለሻውን ያጣል፣ ከዚያም እዚያው ላይ ይሰምጣል ወይም ይሰበራል። ባሌስትራውን ከአክስሉ በላይ ወደ በታች ማዛወርም ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ የአክስሉን ቱቦና የባሌስትራውን ውፍረት ደምሮ ከአሥር ሴንቲሜትር በላይ ስለሚያወርድ ሻንሲ እስከ መቁረጥ ይደርሳል። ሁለት ብሎክ መደራረብ፣ እንጨት ወይም የተበየደ ቱቦ በብሎክ ፋንታ ማስገባትም እንዲሁ የተከለከለ ነው፤ ፍሬን ሲያዝ አክስሉ ይጠመዘዛል፣ ብሎኩም ተፈንቅሎ ይወጣል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ሦስት ቶን የሚያነሳ ክሪክ፣ አንድ ተጨማሪ ክሪክ ለአክስሉ፣ ሁለት ጠንካራ የብረት መቆሚያ፣ ለፊት ጎማዎች አራት ታኮ። ቡሶላ ከ14 እስከ 24፣ ረጅም እጀታ፣ ቶርክ ሬንች፣ ሁለት ጠንካራ ክላምፕ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ የዝገት ማላቀቂያ ዘይት። ከመለዋወጫ ደግሞ ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስር አራት አዲስ ዩ ቦልት ከነዳዶና ሮንደላው፣ ቅጠሎቹን በመሐላቸው አልፎ የሚያስር ሁለት አዲስ የመሐል ቡሎን፣ የተበሉ ከሆኑ የሻክል ጎሚኒዎች።

ዩ ቦልቱ ለምን አዲስ? ሲጠብቅ ስለሚለጠጥ ነው። አንዴ የተለጠጠ ዩ ቦልት ተፈትቶ ሲመለስ የቀድሞውን ያህል አይዝም፣ ክሩም በዝገት ስለተበላ ቶርክ ሬንቹ የሚያሳየው ቁጥር ውሸት ይሆናል። ሲገዙ አሮጌውን ይዘው ይሂዱ፤ የዘንጉ ውፍረት፣ በሁለቱ እግሮች መሐል ያለው ስፋት፣ የጀርባው ቅርጽና የእግሩ ርዝመት ይመሳከር። ቅጠል ስለሚወጣ እግሩ በወጣው ቅጠል ልክ ቢያጥር ይመረጣል። የክሩ ርዝመት በተለይ ይታይ፦ ክሩ አልቆ ዳዶው ለስላሳው ዘንግ ላይ ከደረሰ ቶርክ ሬንቹ ይጮሃል፣ ባሌስትራው ግን አልታሰረም። ሮንደላ እየደራረቡ ማካካስ መፍትሔ አይደለም።

መፍታትና መግጠም

ከአንድ ቀን በፊት የዩ ቦልቶቹ ክር በሽቦ ብሩሽ ጸድቶ ዘይት ይቀባ። በሥራው ቀን የፊት ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ታኮ ይደረግላቸው። የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማን ስለሆነ ኋላው ከተነሳ ዋጋ የለውም፤ ባለ አራት ጎማ ጎታች ከሆነ አራቱን ጎማ አስገብቶ ማርሽ ውስጥ መተው የፊቱን ይይዘዋል።

የጎማ ዳዶዎችን መሬት ላይ እያለ ያላሉ፣ ከዚያ ኋላውን አንስተው መቆሚያዎቹን ሻንሲው ላይ፣ ከባሌስትራው የፊት መያዣ ትንሽ ቀደም ብሎ ያስገቡ። መኪናውን ገፋ አድርገው ሳይነቃነቅ መቆሙን ካረጋገጡ በኋላ ነው ከሥሩ የሚገባው። ሁለተኛው ክሪክ ዲፈረንሻሉን ደግፎ ክብደቱን ይቀበል።

አሁን የፍሬን ቫልቩ ዘንግ ይፈለግ፤ ዝርዝሩ ከታች አለ። ቦታውን ምልክት አድርገው አክስሉ ላይ ካለው ጫፉ ይፍቱት። የኤቢኤስ ሽቦና የእጅ ፍሬን ገመድ መያዣዎች ከተወጠሩ ይላቀቁ። የሾክ አብዞርበሮቹ የታች ቡሎኖች ይውጡ። ከዚህ በኋላ አክስሉን የሚይዘው ክሪኩ ብቻ ነው፣ ሲወርድ ዓይንዎ ወደ ሻንሲው በሚሄደው የፍሬን ጎማ ቱቦ ላይ ይሁን። ቱቦው መወጠር ከጀመረ ያቁሙ። ከውጭ ደህና የሚመስል፣ ከውስጥ የተቀደደ ቱቦ የሚመጣው አክስል በእሱ ሲንጠለጠል ነው።

አንዱን ጎን ጨርሰው ነው ወደ ሌላው የሚሄዱት። ሁለቱም ጎን አብሮ ከተፈታ አክስሉ ክሪኩ ላይ ይዞራል፣ ወደ ቦታው መመለሱ የሁለት ሰው ትግል ይሆናል።

የዩ ቦልቶቹ አራት ዳዶዎች በመስቀል ተራ ይፈቱ፣ የታችኛው ሰሌዳ ይውጣ፣ አክስሉ በክሪኩ ሦስት ወይም አራት ሴንቲሜትር ይውረድ። የመሐል ቡሎኑን ራስ ያያሉ፤ ወደ ታች ወጥቶ አክስሉ ላይ ባለው መቀመጫ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባው እሱ ነው፣ አክስሉንም በቦታው የሚያቆየው። አሁን ሁለቱ ክላምፖች ከመሐል ቡሎኑ ግራና ቀኝ፣ በአሥር ሴንቲሜትር ርቀት ላይ ጠብቀው ይታሰሩ። ይህ አይዘለልም። የተጨመቁ ቅጠሎች ጉልበት አላቸው፤ ያለ ክላምፕ የተፈታ የመሐል ቡሎን የመጨረሻው ክር ሲለቅ ቅጠሉን ያስፈነጥረዋል። የመሐል ቡሎኑ ዳዶ ዝጎ ከተያዘ ክላምፑ እንደታሰረ በግራይንደር ይቆረጥ። ቡሎኑ ሲወጣ ክላምፖቹን በየተራ፣ ግማሽ ግማሽ ዙር እያሉ ያላሉ፤ ፊትዎና እጅዎ ከቅጠሎቹ ጫፍ ፊት ለፊት አይሁን።

ተጨማሪው ቅጠል ሲወጣ የቀሩት በሽቦ ብሩሽ ይጽዱ፣ በቀዳዳቸው ዙሪያና ጫፋቸው በሚያርፍበት ቦታ ስንጥቅ እንዳለ ይታይ። ፀጉር መሳይ ስንጥቅ ያለበት ቅጠል አይመለስም። ቅጠሎቹ በክላምፕ ተጨምቀው ቀዳዳዎቹ ሲገጥሙ አዲሱ የመሐል ቡሎን፣ ጥንካሬው 8.8 ወይም 10.9 የሆነ፣ ራሱ ወደ አክስሉ እንዲሆን ተደርጎ ይግባ። የራሱ ስፋት ከአሮጌው ጋር በካሊፐር ይነጻጸር፤ ጠባብ ከሆነ መቀመጫው ውስጥ ይጫወታል፣ ሰፊ ከሆነ ደግሞ አይገባም። ለ10 ሚሊሜትር ቡሎን ወደ 45 ኒውተን ሜትር ይበቃል። ማቀፊያዎቹ ወደ ቦታቸው ይመለሱ፤ ቅጠሎቹ እንዲንሸራተቱ የወረቀት ያህል ክፍተት ይተውላቸው።

አክስሉ ቀስ ብሎ ይነሳ፣ የመሐል ቡሎኑ ራስ ቀዳዳው ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይግባ። በባትሪ ይዩት፣ በጣትዎም ይዳስሱ። ራሱ ዳር ላይ ተንጠልጥሎ ዩ ቦልት ከተጠበቀ መኪናው እስከሚነዳ ድረስ ምንም አይታወቅም፤ ከዚያ ራሱ ይቆረጥና አክስሉ ይንሸራተታል። አዲሶቹ ዩ ቦልቶች ሲገቡ ከዳዶው በታች የሚወጣው ክር በአራቱም እግር እኩል ይሁን። በመስቀል ተራ በሦስት ዙር ይጠብቃል፦ መጀመሪያ 40፣ ቀጥሎ 80፣ በመጨረሻ የመኪናው መጽሐፍ የሚለው ልክ። ለ12 ሚሊሜትር ዩ ቦልት ይህ ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 125 ኒውተን ሜትር መሐል ነው። ክሩ ግራሶ ከተቀባ ያው ቶርክ ዩ ቦልቱን አብዝቶ ስለሚለጥጠው ደረቅና ንጹሕ ይሁን።

የሻክልና የዓይን ቡሎኖች ተላልተው ከነበረ መኪናው አየር ላይ እያለ አይጠብቁ። ጎሚኒው ከብረቱ ጋር የሚያያዘው በሚጠብቅበት ቦታ ነው፤ አክስሉ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ መኪናው ሲወርድ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀራል፣ በጥቂት ወራት ይበጣጠሳል፣ እስከዚያም ኋላውን ከፍ አድርጎ ይይዘዋል። «ቅጠል አውጥቼ ብዙም አልወረደልኝም» የሚያሰኘው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ጎማዎቹ መሬት ከያዙና መኪናው ወዲያ ወዲህ ከተነዳ በኋላ ይጠበቁ።

የፍሬን ቫልቭ

በብዙ ሃይሉክስ ላይ፣ በተለይ ኤቢኤስ በሌላቸው፣ ሻንሲው ላይ ከኋላ አክስል አቅራቢያ አንድ ቫልቭ አለ። ከእሱ ወጥቶ አክስሉን የሚይዝ ረጅም ዘንግ አለው። ሥራው ጭነት መለካት ነው፦ ኋላው ሲወርድ መኪናው ተጭኗል ብሎ ለኋላ ፍሬን ተጨማሪ ግፊት ይለቃል፣ ኋላው ከፍ ሲል ይቀንሳል። እርስዎ ኋላውን ሲያወርዱት ቫልቩ ባዶውን መኪና እንደተጫነ ይቆጥረዋል። ውጤቱ በዝናብ ቀን፣ ባዶ መኪና ላይ፣ ፍሬን ሲረገጥ የኋላ ጎማዎች ቀድመው ይነክሳሉ (መዞር ያቆማሉ)፣ ጭራውም ወደ ጎን ይሄዳል። ቁልቁለትና መታጠፊያ ላይ ይህ የሚያስከትለው ግልጽ ነው።

ማስተካከያው ከባድ አይደለም። ከሥራው በፊት፣ መኪናው ባዶውን መሬት ላይ ቆሞ፣ የቫልቩ ክንድ ከሻንሲው በምን ያህል ርቀት እንዳለ በካሊፐር ተለክቶ ይጻፍ፣ ፎቶም ይነሳ። ከሥራው በኋላ ክንዱ በትክክል ወደዚያው ልኬት መመለስ አለበት። ይህ የሚሆነው አክስሉ ላይ ያለውን የዘንጉን መያዣ መኪናው በወረደው ልክ ዝቅ በማድረግ ነው። ማስተካከያ ክፍተት ካለው በእሱ፣ ካልበቃ ቶርኖ ቤት በተሠራና በቡሎን በሚታሰር ማውረጃ ሰሌዳ። ዘንጉን ማጉበጥ ወይም ቫልቩን በሽቦ አስሮ መተው አይፈቀድ።

ፍተሻው ሰውና መኪና በሌለበት የኮረት ሜዳ ላይ በ30 ኪሎሜትር ፍጥነት ፍሬኑን አጥብቆ መያዝ ነው፤ ከጎን የቆመ ሰው የትኛው ጎማ ቀድሞ እንደሚቆም ይይ። መቅደም ያለበት የፊቱ ነው። ሮለር ያለው የቦሎ ምርመራ ማዕከል ላይ የግራና የቀኝ ሚዛኑን ጭምር ማስለካት ደግሞ የተሻለ ነው። ዘንግ የሌለው፣ የኋላ ፍሬኑን በኤሌክትሮኒክስ የሚያመጣጥን መኪና ይህን ክፍል ይዝለል።

መብራት

ኋላው ሲወርድ አፍንጫው ይነሳል፣ መብራቱም አብሮ። 2.5 ሴንቲሜትር በ3,085 ሚሊሜትር ላይ ሲሰላ ብርሃኑ 10 ሜትር ርቀት ላይ 8 ሴንቲሜትር ይወጣል። አጭር መብራት ደግሞ በተለምዶ በ10 ሜትር ላይ የሚወርደው 10 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ነው። ቁመቱ በዓይን የማይታይ የሚመስል ለውጥ መብራቱን ከፊት በሚመጣ ሹፌር ዓይን ላይ ያሳርፈዋል።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት በነበረው ምሽት መኪናው ከግድግዳ 10 ሜትር ርቆ ደልዳላ መሬት ላይ ይቁም፣ ዳሽቦርድ ላይ የመብራት ማስተካከያ ካለ ዜሮ ላይ ይሁን፣ የአጭር መብራቱ የላይኛ ጠርዝ ግድግዳው ላይ በፕላስተር ምልክት ይደረግ። ሲጨረስ እዚያው ቦታ ቆሞ ከመብራቱ ጀርባ ባለው ማስተካከያ ቡሎን ጠርዙ ወደ ምልክቱ ይመለስ።

ከሥራው በኋላ

ከመነዳቱ በፊት ከአክስሉ እስከ ስቶፐር ጎሚኒው ያለው ክፍተት ይለካ። ባዶ መኪና ላይ ከ6 ሴንቲሜትር በታች ከሆነ በየጉድጓዱ ይመታል። ጎሚኒውን ነቅሎ መጣል ምቱን ወደ ሾክ አብዞርበሩና ወደ ሻንሲው ያዞረዋል። ሾክ አብዞርበሩም አክስሉ ስቶፐሩን ከመንካቱ በፊት መጨረሻው ላይ መድረስ የለበትም፤ ቢያንስ 2 ሴንቲሜትር ይትረፈው፣ ካልሆነ አጠር ያለ ይገዛ። የተጨማሪ ቅጠሉን ጥንካሬ ታሳቢ አድርጎ የተገዛ ጠንካራ ሾክ ካለ ደግሞ አሁን ኋላውን ያደነድናል።

ከባሌስትራው የፊት መያዣ ቡሎን እስከ አክስሉ በግራም በቀኝም ይለኩ። ልዩነቱ ከ5 ሚሊሜትር ከበለጠ አንዱ የመሐል ቡሎን አልገባም ማለት ነው፤ መሪው ቀጥ ብሎ ሳለ መኪናው ጎን ለጎን ይሄዳል፣ ጎማም ይበላል።

ከ60 እስከ 90 ኪሎሜትር ፍጥነት መሐል ወለሉ ላይ የሚሰማ አዲስ መንቀጥቀጥ ከመጣ የፕሮፔለር ሻፍቱ (ከማርሽ ሳጥኑ ወደ ዲፈረንሻሉ ኃይል የሚወስደው ዘንግ) ማዕዘን ይታይ። የስልክ የማዕዘን መለኪያ በዲፈረንሻሉ ፍላንጅ ላይ፣ ከዚያም በሻፍቱና በማርሽ ሳጥኑ መውጫ ላይ ይደረግ። አንድ ቁራጭ ሻፍት ባለው መኪና ላይ የማርሽ ሳጥኑ መውጫና የዲፈረንሻሉ አፍንጫ ተመሳሳይ ማዕዘን ይያዙ፣ ልዩነቱ ከ1 ዲግሪ ባይበልጥ። ሁለት ቁራጭ ሻፍት ባለው ላይ የመሐል ቤሪንጉ መጀመሪያ ይፈተሽ፤ የተበላ ቤሪንግና ክሮቼራ (የሻፍቱ መጋጠሚያ) በአሮጌው ማዕዘን ዝም ብለው በአዲሱ ይጮሃሉ። ማዕዘኑ ከወጣ በባሌስትራውና በመቀመጫው መሐል የሚገባ የ2 ወይም የ3 ዲግሪ ሽብልቅ ያስተካክለዋል። የብረት ይሁን፤ የአሉሚኒየሙ ይደቃል፣ ሲደቅ ዩ ቦልቱ ይላላል።

ግራና ቀኝ እስከ 1 ሴንቲሜትር ቢለያይ በነዳጅ ታንክና በሹፌር ክብደት የሚመጣ የተለመደ ነው። ከዚያ ከበለጠ ባሌስትራዎቹን ግራ ቀኝ ቀያይሮ ማየት ጥፋቱ ከባሌስትራው ይሁን ከሻንሲው ይለያል።

ሲነሳና ፍሬን ሲያዝ ከኋላ አንድ «ቋ» የሚል ድምፅ ከተሰማ ዩ ቦልቱ ላልቷል፤ ሳይነዳ ይጠበቅ። ድምፅ ቢኖርም ባይኖርም አራቱም ዩ ቦልቶች ከ100 ኪሎሜትር በኋላ፣ ከዚያም 1,000 ኪሎሜትር ላይ በቶርክ ሬንች እንደገና ይጠበቁ። አዲስ ዩ ቦልት በመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች ይቀመጣል፣ ቀለምና ዝገትም ከመሐል ይረግፋል፤ በዚህ ምክንያት የሚላላው በደንብ የተገጠመውም ጭምር ነው።